ከፈተናው በኋላ ይነገራት

«እንቀያየር» አለች ሚስራ። «ደጋፊውን እኔ ልሁን፣ አንቺ ተቃዋሚ ሁኚ።»

ትሕትና ቦምቦሊኖዋን ልትገምጥ የከፈተችውን አፏን ሳትዘጋ አየቻት። ሁለቱ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የሚኖሩበት ብሎክ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ከላይ ሰው በወረደ ቁጥር ጉልበታቸውን ወደ ግድግዳው ይሰበስባሉ፤ ሰውየው ሲያልፍ ደግሞ ወሬያቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እዚሁ ደረጃ ላይ ነው ያደጉት ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

«ምን ነካሽ አንቺ? ክርክሩ እኮ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ስንት ቀን ሙሉ ስዘጋጅ ከርሜ? ቲቸር ሺፋ ራሱ እኮ ‹ደጋፊነቱ ልክሽ ነው› ብሎኛል።»

የትምህርት ቤታቸው የክርክር ክበብ በየዓመቱ በወላጆች ቀን አንድ ርእስ ያቀርባል። የዘንድሮውን የመረጠው የዜግነት ትምህርት አስተማሪያቸው ቲቸር ሺፋ ነበር፦ ሩሲያ ዩክሬን ላይ ጦርነት መክፈቷ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ርእሱ ተነቦ ሳያልቅ ትሕትና «ደጋፊ እኔ» ብላ እጇን አወጣች። ሚስራ ተቃዋሚ ሆነች። ሁለቱ ጓደኛሞች ፊት ለፊት ሲቆሙ ማየት የክፍሉ ልጆች መዝናኛ ስለሆነ ማንም አልተቃወመም።

ትሕትና ለምን እንደቸኮለች ሁሉም ያውቃል። ታላቅ ወንድሟ ጴጥሮስ እዚያ ነው። ፋብሪካ ተቀጥሬ እሠራለሁ ብሎ ሞስኮ ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ ለሩሲያ ጦር ፈረመ። እናቱን እትዬ ኮከቤን «የጦሩ ወጥ ቤት ነኝ፣ ስውል ሳድር ድንች ነው የምልጠው» ብሏቸዋል። ለእህቱ ግን መሣሪያ ይዞ የተነሳውን ፎቶ ልኮላታል፤ እሷም ያንን ፎቶ ከሚስራ በቀር ለማንም አላሳየችም።

«በዚያ ላይ» አለች ትሕትና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ጦርነቱ ልክ ካልሆነ ጴጤ እዚያ ምን ይሠራል?»

ሚስራ ደረጃው ላይ የወደቀውን የቦምቦሊኖ ስኳር በጣቷ ስትጠርግ ቆየች። ጴጥሮስ ሞቷል። ይህን ሚስራ ታውቃለች፣ የብሎኩ ትልልቅ ሰዎች ያውቃሉ፣ ትሕትናና እናቷ ብቻ አያውቁም። እኛ ሰፈር ምስጢር ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ብቻ የማያውቀው ነገር።

የሰማችው ባለፈው እሑድ ነበር። ከቁርአን ትምህርት ስትመለስ በራቸው ላይ የማታውቃቸውን ጫማዎች አገኘች። ሳሎን ውስጥ የእድሩ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው የእትዬ ኮከቤ ወንድም ጋሽ ወልደ ሚካኤል አሉ። እናቷ ዘይቱና በሻርፗ ጫፍ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። ከጴጥሮስ ጋር የተጓዘ አንድ ልጅ ለጋሽ ወልደ ሚካኤል ደውሎ ነበር። አብረው እንደነበሩ፣ ጴጥሮስ እዚያው እንደቀረ፣ ሬሳውን ለማንሳት እንኳ እንዳልተቻለ ነገራቸው። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ይህን ሲያወሩ ዐይናቸውን ከምንጣፉ አላነሱም።

አንዱ «እንግዲያው ነገ ማለዳ መርዶው ይነገር» አለ።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ወልደ ሚካኤል። «ልጅቷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል። ዕድሜዋን ሙሉ የለፋችበት በአንድ ጠዋት ገደል አይግባ። የሞተውን አንመልሰው፤ ያለችውን እናትርፍ። ከፈተናው በኋላ ይነገራት።»

«እናቲቱስ?»

«እናቲቱ ሰማች ማለት ልጅቷ ሰማች ማለት ነው።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ክፉ ሰው አልነበረም በዚያ ቤት፤ እንዲያውም አብዛኞቹ ጴጥሮስን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ናቸው። ሰዎቹ ሲወጡ ዘይቱና ልጇን ጓዳ አስገብታ ሁለት ትከሻዋን ያዘቻት። «አማና ነው ሚስራ፣ አደራ። ከአፍሽ አንዲት ቃል እንዳትወጣ» አለቻት። ሚስራ «አትወጣም» አለች። ያን ጊዜ ቀላል መስሏት ነበር።

ክርክሩ ትዝ ያላት በማግስቱ ክፍል ውስጥ ነው። ወላጆች ቀን ላይ አዳራሹን የሚሞላው ያው የሰፈሩ ሰው ነው። ትሕትና እነሱ ሁሉ ፊት ትቆማለች፤ ጦርነቱ ልክ ነው ትላለች፤ ወንድሜ እዚያ በመሆኑ እኮራለሁ ትል ይሆናል። ሰውም እያወቀ ያያታል። በኋላ መርዶውን ስትሰማ፣ ወንድሟን ለገደለው ጦርነት ስትሟገት የዋለችበትን ቀን እንዴት አድርጋ ትረሳዋለች? ሚስራ ሌላ መላ አልመጣላትም። ምስጢሩን ማውጣት አትችልም፤ ወገን መቀያየር ግን ይቻላል።

አሁን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጓደኛዋን በምን እንደምትይዛት አሰበች። ትሕትና መሸነፍ አትወድም።

«አንቺ ደጋፊ ሆነሽ ብታሸንፊ» አለች፣ «ሰው ሁሉ ‹ለወንድሟ ስታዳላ ነው› ነው የሚልሽ። ተቃዋሚ ሆነሽ ብታሸንፊ ግን ማንም ምንም ሊልሽ አይችልም። ጭንቅላት ያላት አራዳ ልጅ እንዲያ ነው የምታደርገው።»

ትሕትና ቦምቦሊኖዋን አኝካ ዋጠችና ጥቂት አሰበች። «ነገረኛ ነሽ» አለች በመጨረሻ። «ግን ልክ ነሽ። ጴጤ ሲሰማ ይገድለኛል።»

ሚስራ ተነሥታ «ውኃ ልጠጣ» ብላ ወደ ቤት ገባች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከብደዋት አለፉ። የጦርነቱን ምክንያቶች መሰብሰብ ራሱ አላስቸገራትም። የምዕራባውያን የጦር ጥምረት ወደ ሩሲያ ድንበር እየተጠጋ መምጣቱ፣ በምሥራቅ ዩክሬን ስላሉ ሩሲያኛ ተናጋሪዎች የሚባለው፣ ትልቅ አገር ደጃፉ ላይ ጠላት ሲሰፍር ዝም ብሎ ማየት አለበት ወይ የሚለው፤ ሁሉንም አጠናቻቸው። ችግሩ ሌላ ነው። እያንዳንዱን ምክንያት በቃሏ ስትወጣ ጴጥሮስ ፊቷ ላይ ድቅን ይላል። ብስክሌት ያስተማራት እሱ ነበር፤ ብሎኩን አንድ ጊዜ በዞረች ቁጥር «አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ» እያለ ከኋላ ሲሮጥ፣ ለካ አስቀድሞ ለቋት ነበር።

«ለምን ጉዳይ ነው እንዲህ የምታነበንቢው?» አለች ዘይቱና ልብስ እያጣጠፈች።

«ለክርክሩ ነው። ጦርነቱ ተገቢ ነው ብዬ ልከራከር።»

ዘይቱና እጇ ላይ የነበረውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ሰው እያለቀ የምን ክርክር ነው? እኔ እንኳን ልመጣ፣ ወሬውንም አልወድም።»

«እትዬ ኮከቤ ይመጣሉ እማ። ጧፍ የሚሸጡበትን ቦታ ለሰው አደራ ሰጥተው ነው የሚመጡት።»

«እንግዲያው ከጎኗ መቀመጥ አለብኝ» አለች ዘይቱና፤ ቀሚሱንም መልሳ ማጣጠፍ ጀመረች።

ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ሞላ። እትዬ ኮከቤ ከልደታ ማርያም ደጃፍ በቀጥታ ነው የመጡት፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ዘይቱና ከቀኛቸው፣ ሌላዋ ጎረቤታቸው ሀሚዳ ከግራቸው ሆኑ። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ከመድረኩ ላይ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሰው ሁሉ እትዬ ኮከቤን ላለማየት ይጠነቀቃል።

መጀመሪያ የተናገረችው ሚስራ ናት። ያጠናችውን አንድ በአንድ ተናገረች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ራሷንም ገረማት። «አገር እንደ ሰው ስጋት አለበት» አለች። «ስጋቱን ሰምቶ የሚመልስለት ሲያጣ ወደ ኃይል ይሄዳል። ጦርነት ክፉ ነው፤ ግን አንዳንድ ጊዜ ከዛሬው ጦርነት የነገው ይብሳል።» ጭብጨባው ቀዝቃዛ ነበር። ሚስራ ተቀምጣ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

ትሕትና ተነሣች። ጽፋ የመጣችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትታ ነው ወደ ፊት የወጣችው።

«ጓደኛዬ ስለ አገር ስጋት ተናገረች» ብላ ጀመረች። «እውነት ነው፣ አገር ይሰጋል። ግን የሰጋ ሁሉ የጎረቤቱን ቤት ያፍርስ ወይ? ቤቷ የፈረሰባት የዩክሬን ልጅ ማንን አስፈራራች? እኔን የምታክል ናት። እሷም ፈተና ነበረባት።»

ትሕትና ወደ መድረኩ ጫፍ ቀረብ አለች።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ። እስከ ሰሞኑ ድረስ እኔ ደጋፊ ነበርኩ። ስለሞቱት ሰዎች ማንበብ የጀመርኩት ወገን ከቀየርን በኋላ ነው። በፊት ያላነበብኩት ጊዜ አጥቼ አይደለም። ፈርቼ ነው። የዩክሬን ወታደር ሲሞት እናቱ ‹አገሩን ሲጠብቅ ነው› ትላለች። የሩሲያው ሲሞት መንግሥቱ ‹ለአገሩ ነው› ይላታል፤ እውነት ይሁን አይሁን የምትይዘው ቃል አላት። ከሩቅ የሄደውስ? ከኔፓል የሄደው፣ ከአፍሪካ የሄደው? እንጀራ ፍለጋ ወጥቶ የማያውቀው ሰው ጠላት የሆነው? ሰው እናቱን ‹ለምን ሞተ?› ቢላት ምን ብላ ትመልሳለች? መቃብሩ የት እንደሆነ እንኳ ካላወቀች የት ሄዳ ታልቅስ?»

መጀመሪያ ያለቀሰችው ሀሚዳ ናት። እጇን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ከኋላቸው ያሉት ሴቶች ቀጠሉ። ዘይቱና በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች። ጋሽ ወልደ ሚካኤል በሩን በቀስታ ከፍተው ወጡ።

እትዬ ኮከቤም አለቀሱ። በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን እየጠረጉ «እኔን ልጆቼ፣ እኔን» አሉ፣ ለማያውቋቸው የሰው አገር ልጆች። ግራና ቀኛቸውን አዩ። የልጃቸው ንግግር ሰዉን ሁሉ እንዳስለቀሰ ሲያዩ በእንባቸው መሐል ፊታቸው በራ። ሚስራ ይህን ማየት አልቻለችም፤ አንገቷን ደፋች።

ቲቸር ሺፋ «አሁን ደጋፊው ወገን መልስ ይሰጣል» አለ። እሱ የሚኖረው ሌላ ሰፈር ነው፤ ሰዉ ለምን እንደዚህ እንደሆነ ሳይገባው ግራ ተጋብቶ ነበር።

ሚስራ ተነሣች። የምትለው ነበራት፤ ለዚህ ብላ ያጠናችው መልስ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። «መልስ የለኝም» አለችና ተቀመጠች።

ጭብጨባው ሲፈነዳ ትሕትና ራሷ ደነገጠች።

ከአዳራሹ ሲወጡ እትዬ ኮከቤ ልጃቸውን አቅፈው ግንባሯን ደጋግመው ሳሙ። ቀጥለው ሚስራን በጆሮዋ ያዝ አደረጓት፤ ልክ በልጅነቷ ስታጠፋ እንደሚያደርጓት ነበር።

«አንቺ ደግሞ ይሄን የመሰለ አንደበትሽን ለጦርነት ጠበቃ አደረግሽው? ምነው ጨከንሽ ሚስርዬ?»

«ለክርክር ነው እትዬ ኮከቤ» አለች ሚስራ።

«ተይው፣ ስቀልድብሽ ነው። ብቻ ያንን የልጅ ሞት እግዜር ማንኛዋንም እናት አያሳያት።»

«አሚን» አለች ዘይቱና ከአጠገባቸው፤ ቃሉን ያወጣችው በግድ ነበር። ወዲያው የእትዬ ኮከቤን ክንድ ይዛ ወደ ግቢው በር መራቻቸው። ሲሄዱ ዞር ብላ ልጇን አየቻት። ያ አስተያየት ሌላ ምንም አይደለም፤ አማና ነው የሚል ነበር።

ትሕትና የሚስራን እጅ ጎትታ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ወዳለው አግዳሚ ወሰደቻት። ፊቷ ገና ቀይ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ታወራለች።

«አየሻቸው? ሀሚዳን አየሻት? እኔ እኮ ምን እንዳልኩ ራሴም አላውቅም። ወረቀቴ ላይ የነበረውን ግማሹን አላልኩትም። አንቺ ግን ለምን ተውሽልኝ? እንዳሸንፍ ብለሽ ነው አይደል? ጀለሴ፣ እንደዚህ አይነት ነገር አልወድም።»

«እውነት መልስ አልነበረኝም።»

«እሺ፣ አምኜሻለሁ።» ትሕትና ስልኳን አወጣች። «ቆይ ለጴጤ ልላክለት። ሰሞኑን የምልከውን አይከፍተውም፤ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነው መሰለኝ የወሰዷቸው። ሲያገኝ ይሰማዋል።»

ሚስራ አንድ ነገር ለማለት አፏን ከፈተች። ትሕትና ግን የድምፅ መልእክት መቅጃውን ተጭና መናገር ጀምራለች።

«ጴጤ፣ እኔ ነኝ። ዛሬ ተከራከርኩ፤ ያውም አንተን ተቃውሜ። እንዳትቀየመኝ። ልክ ነህ እያልኩህ የቆየሁት እውነት ልክ ነህ ብዬ አይደለም፤ ልክ አይደለህም ካልኩ እንዳልፈራልህ ብዬ ነው። ዛሬ ቆሜ ሳወራ ገባኝ። በቃ ተወው። እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም፤ ግን ውጣ ከዚያ። እማዬ ድንች ትልጣለህ ብላ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ምንም ሳትይዝ ና። ባዶ እጅህን ና።» በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገችና ሳቅ አለች። «ሚስራም እዚህ አለች፤ ሰላም ልትልህ ነው።»

ስልኩን ወደ ሚስራ አፍ አስጠጋችው።

ስክሪኑ ላይ መቅጃው እየሄደ ነበር። ከግቢው ውጭ ባቡሩ ሲያልፍ ይሰማል። ሚስራ ስለ ፈተናው አሰበች። ትሕትና መሐንዲስ መሆን ትፈልጋለች፤ እስከ ዛሬም ለዚህ ለፍታለች። ስለ እናቷ፣ ስለ አማናው አሰበች። ጋሽ ወልደ ሚካኤል በቀስታ በሩን ከፍተው ሲወጡ ታያት። ትልልቆቹ ሰዎች ሁሉ ለዚህች ልጅ ብለው ነው ዝም ያሉት፤ ሚስራም እስካሁን ዝም ያለችው ለእሷው ብላ ነው።

ቀላሉ ነገር «ሰላም ነህ ጴጤ» ማለት ነበር። ማንም አይጎዳም። ትሕትናም መልእክቱን ልካ ዛሬ ማታ መልስ ትጠብቃለች፤ ነገም ትጠብቃለች። ይመጣል ብላ በተስፋ ታጠናለች። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ሰዎች ቤታቸው ይገባሉ። ስታለቅስ ከርማ ስልኳን ትከፍታለች፤ ና ያለችውን መልሳ ትሰማለች፤ ከሱ ቀጥሎም የሚስራን ድምፅ ትሰማለች። ያን ጊዜ ትሕትና ስለ አጎቷም ስለ እድሩም አይደለም የምትጠይቀው። አጠገቤ ተቀምጠሽ እያወቅሽ ነው ሰላም ያልሽው ወይ ብላ ነው የምትጠይቃት።

«በይ እንጂ» አለች ትሕትና በሹክሹክታ። «ሼም ያዘሽ እንዴ?»

ሚስራ ስልኩን ከእጇ ወሰደችው። ቅጂውን አጠፋችና ስልኩን አግዳሚው ላይ በፊቱ ደፋችው። ትሕትና «ኧረ ምን ሆነሻል፣ ያን ሁሉ ያወራሁትን» ብላ ልታነሣው ስትል፣ ሚስራ ሁለቱንም እጆቿን ያዘቻቸው።

«ቲቱ» አለች። «አንድ የምነግርሽ ነገር አለ። እስክጨርስ ከዚህ እንዳትነሺ።»

ትሕትና መጀመሪያ ልትስቅ ነበር። ከዚያ የሚስራን ፊት አየች። ሳቁን ተወችው፤ እጆቿን ግን አላስለቀቀችም።